ዐሥራ ሦስተኛዋ ማኅበርተኛ

ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ አይጥ የተማረ ሰው፣ አክስቱ ቤት የገባችን አንዲት አይጥ መያዝ እንዴት ያቅተዋል?

ጥያቄው የጎረቤቲቱ የእትዬ ማኅደረማርያም ነው። የጠየቁትም ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ የእትዬ ባፈና አጥር በር ላይ ቆመው፣ ባጃጅ የሚጠብቅ መንገደኛ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ነው። ሰይፈሥላሴ መልስ አልነበረውም። ታሪኩን የሚያወራው ሰውም ለጊዜው መልስ የለውም፤ ነገሩ አንድ ድመት፣ አንድ ሙጫና አንድ ትልቅ ሙዳይ ያለበት ስለሆነ ከመጀመሪያው መነሳት ይሻላል።

ሰይፈሥላሴ የእትዬ ባፈና የወንድም ልጅ ነው። ኖርዌይ ሄዶ የአይጥ ጠባይ አጥንቶ፣ ዶክተር ተብሎ ተመልሷል። ሁለት መቶ አርባ ገጽ የሆነው የመመረቂያ ጽሑፉ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ይላል፦ አይጥ ሁለት በር ፊት ስትቆም አንዱን ከመምረጧ በፊት ታመነታለች፤ ለምን እንደምታመነታ ግን ገና አልታወቀም። ሰውዬው ራሱም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። «ሻይ ይሻልሃል አጥሚት?» ሲባል መልሱን እስኪያገኝ ሁለቱም ይቀዘቅዛሉ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረ አራት ወር ቢሞላውም ሻንጣው አልተፈታም። ጠዋት ከሻንጣው ሸሚዝ ያወጣል፤ ሸሚዙ ታጥቦና ተተኩሶ ሲመለስለት አጥፎ እዚያው ሻንጣ ውስጥ ያስገባዋል። ይቆይ እንደሆነ አያውቅም፤ ይሄድ እንደሆነም አያውቅም።

እትዬ ባፈና ስለ ትምህርቱ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱንም ለመንደሩ ሁሉ ነግረዋል።

«የአይጥ ዶክተር ነው» ይላሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ እያደረጉ።

«የታመመ አይጥ ነው የሚያክመው?» ይሏቸዋል።

«እሱን እንግዲህ ፈረንጆቹ ያውቃሉ።»

አይጧ የገባችው እንግዲህ እዚህ ቤት ነው። መጀመሪያ የታየችው በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ቤተሰቡ ምሳ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከቡፌው ሥር ወጥታ በእርጋታ ወደ ጓዳ ስትሄድ ነው። አልሮጠችም። እንደ ተከራይ ነው የሄደችው። በሳምንቱ የእትዬ ባፈናን አዲስ የሱፍ ብርድ ልብስ ጫፉን ከረከመች፤ በማግስቱ የተማሪዎች ፈተና ላይ ወጥታ የአንዱን ልጅ መልስ ከተራ ቁጥር ሦስት ጀምሮ በላችው። ሰይፈሥላሴ ወረቀቱን ይዞ ብዙ አሰበ። ልጁ ትክክል መልሶ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በመጨረሻ ሙሉ ማርክ ሰጠው።

እትዬ ባፈና ስለ ብርድ ልብሱም ስለ ፈተናውም ብዙ አልተናገሩም። የተናገሩት ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሰይፈሥላሴን ፊታቸው አስቀመጡት።

«ስማኝ ሰይፉ። ታኅሣሥ ሚካኤል የኔ ተራ ነው።»

«አውቃለሁ እቴቴ።»

«አታውቅም። አምና ምን እንደሆነ አታውቅም።»

አምና የሆነው ይህ ነው። የሚካኤል ማኅበር ዐሥራ ሁለት ሰዎች አሉት። በየወሩ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በተራ ድግስ ይደግሳሉ፤ መምሬ ወልደኪዳን ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፤ ሁሉም ከጽዋው ይጎነጫል፤ ከዚያ ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ ይተላለፋል። አምና በእትዬ ባፈና ተራ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ቆሞ፣ መምሬ ዳቦው ላይ ያለውን ጨርቅ ሲገልጡ ድፎው ጥግ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ጡጫ የሚያክል፣ ዙሪያው በጥርስ የተስተካከለ ቀዳዳ። ማንም ምንም አላለም፤ ከእትዬ ማኅደረማርያም በቀር።

«ምን አለች መሰለህ?» እትዬ ባፈና ድምፃቸውን አቅጥነው የጎረቤታቸውን አነጋገር አስመሰሉ። «‹ባፈና ቤት ከኛ በፊት የደረሰ እንግዳ አለ ለካ!› አለች። መምሬ ሳይቀሩ ሳቁ። ጢማቸውን ይዘው ነው የሳቁት፣ ግን ሳቁ። ሃያ ሁለት ዓመት በማኅበሩ ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ዘንድሮ ዳቦዬ ላይ አንዲት ጥርስ ካረፈች ጽዋውን ለመምሬ መልሼ ከማኅበሩ እወጣለሁ። ምዬአለሁ።»

«ለአንድ ዳቦ ብለሽ?»

«አንድ ዳቦ!» አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ። «ስድስት ዓመት እዚያ ብርድ አገር የተቀመጥከው ለምን ነበር? ያዝልኝ በቃ።»

ሰይፈሥላሴ ሊይዛት ወሰነ። መግደል ግን አልፈለገም።

«ይዘሃት ምን ልታደርጋት ነው? ልታስተምራት?» አሉ እትዬ ባፈና።

«ራቅ አድርጌ እለቃታለሁ።»

«የት?»

እዚህ ላይ አሰበ። አንኮበር መንገድ ላይ? ወደ መዘዞ? የሰው ማሳ ውስጥ መልቀቅ ተገቢ ነው? ገና እያሰበ እያለ እትዬ ባፈና ተነስተው ሄደዋል።

መጀመሪያ ባልዲ አስቀመጠ። ባልዲው ላይ ስትረግጠው የሚሰምጥ ጣውላ አጋደመ፤ ጫፉ ላይ ከአረርቲ የመጣ የሽምብራ ቆሎ አኖረ። ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አይጧ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጣች። ጣውላውን አየች። በጣውላው አልሄደችም፤ በባልዲው እጀታ ወጥታ ቆሎውን አንድ በአንድ ለቅማ በመጣችበት ወረደች። ሰይፈሥላሴ ደብተሩ ላይ «አላመነታችም» ብሎ ጻፈና ቃሉን ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ቀጥሎ የማካሮኒ ካርቶኖች ቀጣጥሎ ጎዳና ሠራ፤ ወደ ግራ የሚሄድ በር፣ ወደ ቀኝ የሚሄድ በር፣ መጨረሻ ላይ የሚዘጋ ሳጥን። ኖርዌይ እያለ እንዲህ ዓይነት ጎዳና ሠርቶ ሽልማት አግኝቶበታል። አይጧ ግን በግራም በቀኝም አልሄደችም። ካርቶኑን መሀሉ ላይ በልታ ሦስተኛ በር ከፈተች።

እንዲህ ባለው ቀን ነው እትዬ ማኅደረማርያም በአጥር በሩ ሲያልፉ ግቢው ውስጥ የተጣሉትን ካርቶኖች አይተው ያን ጥያቄ የጠየቁት። መልስ ሲያጡ ደግሞ፣ «አይዞህ ዶክተር፣ ሰባተኛ ዓመት ጨምር» ብለው ሄዱ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን መድኃኒት!» እያለ የሚዞር ሰው መጣ። እትዬ ባፈና እስከ በሩ ድረስ ወጡና ተመለሱ።

«መርዝ ባለበት ቤት የሚካኤል ዳቦ ይጋገራል?» አሉ፤ ማንም ግን አልጠየቃቸውም ነበር።

ያን ሰሞን መምሬ ወልደኪዳን ማንም ሳይጠራቸው መጡ። በአንድ እጃቸው መስቀላቸውን፣ በሌላው ክዳኑ በገመድ የታሰረ ቅርጫት ይዘዋል። ቅርጫቱ ያጉረመርማል።

«ባፈና» አሉ፣ «አይጥ አስቸግሯችኋል ሲሉ ሰማሁ።»

«ከማን ሰሙ መምሬ?»

«ይሰማል። አገር ነው ይሰማል» አሉና ቅርጫቱን ፈቱ። ዶማ የሚያክል ጭንቅላት ያለው፣ ግራጫ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ድመት ወጣ። «አንኮበር ወንድሜ ካለበት ደብር ነው ያመጣሁት። ዕቃ ቤቱን ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። አንዲት ብራና፣ አንዲት ካባ አልተነካችም። አለቃ ነው ስሙ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ስለ ድመቱ የሚወራው በአንቱታ ሆነ። እትዬ ባፈና አለቃ የሚባልን ሁሉ አንተ ማለት ስለማይሆንላቸው ነው። አለቃ ተኙ። አለቃ ተነሡ። አለቃ ሶፋው ላይ ናቸው፣ ሰይፉ ወንበር ያዝ።

አይጧ በሁለተኛው ቀን በአለቃ አፍንጫ ሥር አለፈች። አለቃ በአንድ ዓይናቸው አዩአት። መልሰው ጨፈኑት። ሰይፈሥላሴ ወደ መምሬ ደወለ።

«መምሬ፣ አያድኑም።»

«ማናቸው?»

«አለቃ።»

«አዬ ልጄ፣ የነቢያት ጾም ገባ እኮ» አሉ መምሬ ወልደኪዳን፣ እንደ ቀላል ነገር። «አለቃ የደብር ድመት ነው። ከዲያቆናቱ ጋር ቆሎ እየበላ ነው ያደገው። ጾም ከገባ ሥጋ አይቀምስም።»

«አንኮበር ታዲያ እንዴት ይጠብቁ ነበር?»

«በግርማ ሞገሱ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሰይፈሥላሴ የሚያምነው ነገር አልነበረም። የድመት ሆድ አሠራር ሥጋ በል መሆኑን ያውቃል፤ ማስረጃም አለው። ለማረጋገጥ አንድ ቁራጭ ሥጋና አንድ ጭብጥ ቆሎ ጎን ለጎን አቀረበ። አለቃ ሥጋውን አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ፤ ቆሎውን ቆረጠሙ። ሰይፈሥላሴ የስድስት ዓመት ትምህርቱ እግሩ ሥር ሲንሸራተት ተሰማው። ሥጋው ደግሞ ዞር ባለበት አፍታ ጠፋ። የወሰደችው አይጧ ናት፤ እሷ ጾም አትጾምም።

ለበዓሉ ስድስት ቀን ሲቀረው ሱቅ ሄዶ የአይጥ ሙጫ ገዛ። ወፍራም ካርቶን ላይ የተቀባ፣ ማር የሚመስል ነገር ነው። አይጧ ስትጣበቅ በዘይት አላቅቆ ሊለቃት ነው ሐሳቡ። ሙጫውን ጓዳው በር ላይ አኖረ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ተናወጠ። አለቃ በአራት እግራቸው ሙጫው ላይ ገብተው፣ ካርቶኑን እንደ ጫማ አድርገው፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ቡፌው፣ ከቡፌው ወደ መጋረጃው ይጋልባሉ። መጋረጃውም አብሮ መጣ።

ሰይፈሥላሴ ይዟቸው መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ የምግብ ዘይት እያፈሰሰ መዳፋቸውን አንድ በአንድ ሲያሽ፣ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። የእትዬ ማኅደረማርያም ልጅ ሣራ ናት። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ አንድ የተሳሳተ ክር ሜዳ ከሚያክል ጨርቅ ላይ ትለያለች ይባላል። እናቷ ለድግሱ እንስራ እንድታደርስ ልከዋት ነው። ሰይፈሥላሴ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ከእሷ ጋር የሚያወራበት ምክንያት ሲፈልግ የነበረ ሰው ነው። ምክንያቱ መጣ፤ እሱ ግን እስከ ክርኑ በዘይት ተነክሮ፣ ሙጫ ጸጉሩ ውስጥ ገብቶ፣ ድመት ታቅፏል።

«ዶክተር፣ ቀዶ ጥገና ላይ ናችሁ?»

«አለቃ ሙጫ ረግጠው ነው።»

«አለቃ ማን?»

«ድመቱ ናቸው።»

ሣራ እንስራውን አስቀመጠች። ከሳቋ ብዛት ግድግዳውን ተደገፈች። ስትጨርስ ቁጭ ብላ የአለቃን የኋላ እግር ያዘችለት።

«ኖርዌይ አይጥ እንዴት ነው የሚያዘው?» አለች።

«እዚያ አይጦቹ የኛ ናቸው። ሳጥናቸው ላይ ቁጥር አለ። አይጠፉም።»

«ስለዚህ አንተ የተማርከው የተያዘ አይጥ ነው።»

ሰይፈሥላሴ እጁ ቆመ። በሁለት መቶ አርባ ገጽ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልጻፈም።

ስትሄድ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችው። «ስትያዝ ጻፍልኝ። ፎቶ ካለው ደግሞ ይሻላል። እማዬን እስቲ አንድ ቀን ዝም ላሰኛት።»

ከዚያ በኋላ አይጧን የመፈለጉ ሥራ ሌላ ኃይል አገኘ። ሰይፈሥላሴ ቡፌውን አነሳ፣ አልጋውን ገለበጠ፣ በመጨረሻም ሻንጣውን ከፈተ። ጎጆዋ እዚያ ነበር። ከሸሚዞቹ ሥር ያስቀመጠውን የመመረቂያ ጽሑፉን ከርክማ፣ ክብ አድርጋ፣ ለስላሳ አልጋ ሠርታበታለች። እሷ ግን የለችም። ሸሚዞቹን ሁሉ አውጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀላቸው፤ ሻንጣውንም ፀሐይ እንዲመታው ግቢው ውስጥ አሰጣው። እትዬ ባፈና በመስኮት ያዩት ነበር። ሻንጣው ሲመሽ ሲገባ ዚፑ ተበልቶ አልዘጋ አለ።

የታኅሣሥ ሚካኤል ዋዜማ ዳቦው ተጋገረ። ሰይፈሥላሴ ያን ጊዜ ሳይንሱን ትቶ ገመድ አመጣ። ድፎውን ከነሌማቱ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ አንጠለጠሉት። ገመዱን ቅባት ቀባው። ቅባቱ ላይ በርበሬ ነሰነሰ። በበዓሉ ጠዋት፣ ውጭ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ፣ እሱ ከዳቦው ሥር ወንበር ዘርግቶ፣ የዝንብ ጭራ ይዞ ተቀመጠ። አለቃ እግሩ ላይ ተኙ። ማኅበርተኛው እስኪመጣ ከዚያ አልተነሳም፤ ቁርሱንም እዚያው አጎረሱት።

ዐሥራ ሁለቱም መጡ። ቤቱ ሞላ። መምሬ ወልደኪዳን ጸሎት አደረሱ፤ ዳቦው ከጣሪያው ሲወርድ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። እትዬ ማኅደረማርያም መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁ። መምሬ ጨርቁን ገለጡ።

ዳቦው ሙሉ ነበር። ክብ፣ ቡናማ፣ እንደ ጨረቃ ያልተነካ።

እትዬ ማኅደረማርያም ጎንበስ ብለው በዚያኛው በኩል ዞረው አዩት።

«ምን ጠፋብሽ ማኅደር?» አሉ እትዬ ባፈና በለሰለሰ ድምፅ።

«ኧረ ምንም። እንዴት ያለ ዳቦ ነው እያልኩ ነው።»

«ብይ እንግዲህ፣ ከአንቺ በፊት የደረሰ እንግዳ የለም።»

ቤቱ ሳቀ። መምሬም ጢማቸውን ሳይዙ ሳቁ። እትዬ ባፈና ወደ ሰይፈሥላሴ ተመለከቱ፤ ከመጣ ጀምሮ እንዲህ አይተውት አያውቁም። ሰይፈሥላሴ ጭራውን ይዞ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ።

ድግሱ ተበላ፣ ተጠጣ። ከዚያ የማስረከቡ ሰዓት ሆነ። የሚካኤል ጽዋ የሚቀመጠው በትልቅ ሙዳይ ውስጥ ነው፤ እዚያው ላይ ከተባረከው ዳቦ አንድ ጉማጅ ይጨመራል፣ በቀይ ጨርቅ ይሸፈናል። አንዴ መምሬ ባርከው ከሸፈኑት ተረካቢው ቤት ሳይደርስ ማንም አይከፍተውም፤ እዚያም ደርሶ ለብቻው ባለ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሙዳዩ ያረጀ ነው። ግርጌው ላይ ስፌቱ ላልቶ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። ጽዋ ነው፣ ማን ደፍሮ ይጠግነዋል እየተባለ ስንት ዓመት ቆይቷል።

መምሬ ጽዋውንና ጉማጁን ውስጥ አኖሩ፤ ጨርቁን አለበሱ፤ መስቀላቸውን አንስተው መባረክ ጀመሩ። ማኅበርተኛው ሁሉ አቀረቀረ። አቀርቅሮ የነበረው ሰይፈሥላሴ ከጠላው ጋን ሥር አንድ ነገር ሲወጣ አየ።

አይጧ ናት። በዐሥራ ሁለት ሰው እግር መካከል፣ እንደ ሁልጊዜው ሳትሮጥ ሄደች። ሙዳዩ ግርጌ ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ አየች። ወደ ፊት አየች። አመነታች! በስንት ድካም ያላየባትን ነገር አሁን አደረገች። ከዚያ በክፍተቱ ገባች። ጅራቷ ለአፍታ ውጭ ቀረ፤ እሱም ገባ።

ቀና ሲል ከመምሬ ወልደኪዳን ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። መምሬ አይተዋል። መምሬ ግን አላቋረጡም፤ ይልቅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቡራኬውን ከልማዱ አረዘሙት። ለዝናቡ፣ ለእህሉ፣ ለመንገደኛው፣ ለታመመው፣ ለፋብሪካ ሠራተኛው ሁሉ ለመኑ።

ሰይፈሥላሴ አፉን ከፈተ። ቢናገር ሙዳዩ እዚሁ ይከፈታል፤ አይጧ ከእትዬ ባፈና ቤት፣ ከተባረከው ዳቦ ላይ፣ በማኅበሩ ሁሉ ፊት ትወጣለች። አክስቱ ደግሞ ምለዋል። ባይናገር…

አፉን ዘጋው።

እትዬ ማኅደረማርያም ሦስት ጊዜ ሰግደው ሙዳዩን ተረከቡ። «እግዚአብሔር ለከርሞ ያድርሰን!» አሉ፤ በጀርባቸው አዘሉት፤ በነጠላቸው አሠሩት። እልልታው ቀለጠ። ማኅበርተኛው እየዘመረና እያጨበጨበ በግቢው በር ወጣ፤ ሣራ ከእናቷ ጎን ናት። ከሙዳዩ ውስጥ «ሲጥ» የሚል ድምፅ ወጣ።

እትዬ ማኅደረማርያም ደንገጥ አሉ። ትከሻቸውን አንዴ አራገፉ። ከዚያ ወደ ማንም ሳይዞሩ እልልታውን ራሳቸው አቀለጡት።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ሰይፈሥላሴ አክስቱ ፊት ተቀመጠ። 

«እቴቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አትቆጪ።»

«ሙዳዩ ውስጥ ገባች» አሉ እትዬ ባፈና ብርጭቆ እየሰበሰቡ።

«አየሻት?»

«ሰምቻታለሁ። ኅዳር ሚካኤል ከመምሬ ቤት ተረክቤ ስመጣ ጀርባዬን ስትቧጥጠኝ ነው የመጣችው። አውቃታለሁ።»

ሰይፈሥላሴ ተነሳ። ተቀመጠ። «ከመምሬ ቤት? መምሬ ድመቱን ያመጡት ለዚያ ነው? ታዲያ እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? በማኅበር መሀል ቆሜ ‹መምሬ፣ ከጽዋው ጋር አይጥ አስረከቡኝ› ልበላቸው? ነውር አይደለም እንዴ!»

«እና እኔን ለምን ያዝ አልሽኝ?»

«ብትይዛት ጥሩ ነበር» አሉ እትዬ ባፈና። «ባትይዛትም ከዳቦዬ አራቅካት። አሁን ተራዋ ደረሰና ሄደች። ወደኔ እስክትመለስ ዓመት ነው፤ ዓመት ረጅም ነው።»

ሰይፈሥላሴ ደብተሩን አውጥቶ ዐሥራ ሁለቱን ቤቶች በክብ ሳለ። መምሬ፣ ከሳቸው ቀጥሎ አክስቱ፣ ከአክስቱ ቀጥሎ እትዬ ማኅደረማርያም። አምና ዳቦው የተበላው በዚሁ ወር፣ በዚሁ ተራ ነው።

«እቴቴ፣ አምና አይጧ ከድግሱ በኋላ የት ሄደች?»

«እንጃ። በማግስቱ አልነበረችም።»

ብዕሩ ሦስተኛው ቤት ላይ ቆመ። ያን ሁሉ ሳቅ፣ ያን ሁሉ በበር ላይ ጥያቄ አስታወሰ። እትዬ ማኅደረማርያም ትከሻቸውን ያራገፉት እንደ አዲስ ሰው አልነበረም።

ስልኩን አወጣ። ሣራ ስትያዝ ጻፍልኝ ብላዋለች። ተይዛለች ወይ? በአንድ በኩል አዎ። በሌላ በኩል… እዚህ ላይ ማመንታት ጀምሮ ነበር፤ አይጧ ሙዳዩ ሥር ቆማ ወደ ኋላ ያየችው ትዝ አለውና ጻፈ።

«ሰላም ሣራ፣ ሰይፈሥላሴ ነኝ። አይጧ ተይዛለች። ያለችው ሙዳዩ ውስጥ ነው፤ ሙዳዩ ደግሞ እናንተ ቤት ነው። አይቼ ዝም አልኩ፤ ለአክስቴ ብዬ ነው፤ ይቅርታ። ዳቦውን ጣሪያ ላይ ስቀሉት፣ ገመዱን ቅባትና በርበሬ ቀቡት፣ ይሠራል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ አምና በዚህ ወር እናንተ ቤት አይጥ ነበረች?»

ላከው። መነበቡን የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ወዲያው ታዩ። ሰይፈሥላሴ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። አለቃ መጥተው ጭኑ ላይ ተኙ፤ ስልኩም ከሥራቸው ገባ።

በጥር ሚካኤል የእትዬ ማኅደረማርያም ዳቦ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ነበር፤ ገመዱ ቀይ ነው። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሣራ ዳቦ ስታድል ሰይፈሥላሴ ዘንድ ደርሳ ትልቁን ቁራሽ ሰጠችው፤ ዓይኗን ሰብራ አለፈች። ሙዳዩን የተረከቡት ቀጣዩ ባለተራ አቶ ተስፋሚካኤል ነበሩ፤ ያን ዕለት እልልታው ከሁልጊዜው ይልቅ ደመቀ፤ ከሁሉም በላይ የእትዬ ማኅደረማርያም ድምፅ ይሰማ ነበር።

ሰይፈሥላሴ ወደ ቤት ሲመለስ ባጃጅ ውስጥ ስልኩን ከፍቶ አየ። ለሣራ የጻፈው መልእክት ሁለት ምልክቱን ይዞ እዚያው ነበር፤ ከሥሩ ምንም የለም።